ከሰዓቱ ስር

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። «በጤናዬ ምክንያት ከሜዳ ሥራ ተነሥቼ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንድዛወር በራሴ ፈቃድ ጠይቄያለሁ» ይላል። ከግርጌው ስሜ ተተይቧል፤ ከስሜ ጎን ፊርማዬን የሚጠብቅ መስመር አለ። እኔ ግን ማንንም ምንም አልጠየቅሁም። ይህ ደብዳቤ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፤ ለምን እንዳልቀደድኩት ስጨርስ ታውቁታላችሁ።

ለተብርሃን እባላለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ ፊሽካ ነፍቻለሁ። ሜዳ እያልኩ ስጠራው ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሦስት በኩል ሕንፃ የከበበው፣ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ ግቢ ነው። ቢሆንም የኔ ነው።

አዲስ ክፍል ስቀበል መጀመሪያ የማስተምረው ኳስ አይደለም፣ የልብ ምት መቁጠር ነው። ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ በስድስት ማባዛት። አውራ ጣት አይፈቀድም፣ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። ይህን ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ አድገው ባንክ ይሠራሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎልማሳ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲስቅ ካየሁ ተማሪዬ እንደነበር አውቃለሁ። ሰላምታችን እሱ ነው።

ስለ እጄም ልንገራችሁ። የተወለድኩት ሰሜን፣ ትግራይ ነው። ግራ እጄ አንጓ ላይ፣ ዙሪያውን የሚሄድ ንቅሳት አለኝ፤ ሦስት ጥቅጥቅ ያሉ ቀለበቶች፣ በመሐላቸው ትንንሽ መስቀሎች። በኛ ቋንቋ ውቃጦ ይባላል። ስምንት ዓመቴ ሳለሁ ነቃሿ መንደራችን መጣች ሲባል አልቅሼ፣ ለምኜ ነው ያስነቀስኩት። በአሥራ አራት ዓመቴ አጎቴ ዘንድ ካዛንቺስ መጣሁ። ትምህርት ቤት በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አብራኝ የተቀመጠችው ልጅ እጄን አየችና «ይሄ እድፍ አይለቅም?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጅጌዬ ረጅም ሆነ፤ የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል ደግሞ ማሰሪያው ሰፊ የሆነ ሰዓት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን አንጓ ከባለቤቴ በቀር ያየው ሰው የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ሄኖክ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን አስቀድሜ ልበል። ችግሩ ስልኩ ላይ ያላየውን ነገር ማመን አይሆንለትም። ባለፈው ዓመት «የመምህራን ጤና ፕሮግራም» ብሎ ለአሥራ ሁለታችን የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አደለን፤ ለራሱም አንድ አሰረ። ቁጥሩ ከእያንዳንዳችን እጅ ወደ እሱ ስልክ ይሄዳል፤ ደህና የሆነው ሰው ስም በአረንጓዴ፣ ያልሆነው በቀይ ይጻፋል። እኔም ነፃ ነገር ማን ይጠላል ብዬ ተቀበልኩ። የድሮ ሰዓቴን አውልቄ አዲሱን በቦታው አሰርኩት። ጠበብ ስለሚል ንቅሳቱን ሁሉ አልሸፈነልኝም፤ ከላዩ ሯጮች የሚያደርጉትን የላብ ጨርቅ ደረብኩበት።

ሰዓቱን ባሰርን በወሩ፣ ረቡዕ ጠዋት ከሰባተኛ ክፍሎች ጋር ግቢውን እየዞርን እንሮጣለን። አምስተኛው ዙር ላይ ሄኖክ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወርድ አየሁት። እሳት የተነሣ መሰለኝ።

«ቲቸር፣ ያቁሙ» አለኝ። «በቃ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«ምን ተፈጠረ?»

ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ስሜ ቀይ ነው፤ ከጎኑ 181 ይላል። «በእርስዎ ዕድሜ ይሄ… ማለቴ፣ በጣም አደገኛ ነው። ሲስተሙ አላርም ሰጠኝ።»

«ምንም አልተሰማኝም እኮ።»

«የሚያስፈራው እሱ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳይሰማ ነው የሚመጣው።»

አንዲት ልጅ ከክፍል ወንበር አመጣችልኝ። አርባ ተማሪ እያየኝ ግቢው መሐል ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ስቀመጥ ያየኝ ሰው አልነበረም። ልጆቹ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፤ ሰው ሲታመም እንደሚደረገው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠራኝ። ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜዎ ነው ቀይ ሲሆኑ» አለኝ። «ሁለቱን ጊዜ ዝም አልኩ። አሁን ቦርዱም አይቶታል። ሜዳ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ብለን እንመልሳለን? ደሞዝዎ አይነካም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ ነው የሚሆኑት። እስከ ዓርብ ያስቡበትና ይፈርሙ።»

ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ካዛንቺስ የኖርንበት ቤት ከሰፈሩ ጋር ከፈረሰ ወዲህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ያን ቀን ደረጃውን እንደ በሽተኛ እየቆምኩ፣ እያረፍኩ ወጣሁት። ጠዋት እኮ ሁለት ከረጢት አትክልት ይዤ ሳላርፍ የወጣሁበት ደረጃ ነው።

ባለቤቴ ተስፋዬ ዕድሜውን ሙሉ ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። የሆነውን ስነግረው ሳቀ።

«ጌጁ ተበላሽቶ ይሆናል» አለኝ። «መኪናም እኮ ጌጁ ሲበላሽ ሞተሩ ሳይሞቅ ነደደ ይልሻል። አምጪው እስቲ።»

ሰዓቱን ራሱ እጅ ላይ አሰረው። 74 አለ። ጥቂት ጠበቅን፤ 73፣ 74፣ 74። ተስፋዬ ከሳሎን ኩሽና ተመላለሰ፤ 81 አለና ሲቀመጥ ተመልሶ ወረደ። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። መልሼ ግራ እጄ ላይ አሰርኩት። ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ 118 አለኝ። ቀጥሎ ቁጥሩ ጠፍቶ ሁለት ሰረዝ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ 49።

ተስፋዬ መሳቁን ተወ። ሞተሩ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እሱም እንደዚያ እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ገባኝ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁ። ለስንት ሺህ ልጅ ሁለት ጣት ያስተማርኩ ሴት ያን ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ጣቴን አንገቴ ላይ አላሳረፍኩም። ፈራሁ። ጣቴም ያንኑ ቁጥር ቢነግረኝ ማምለጫ የለኝም ብዬ ፈራሁ። እስኪመሽ ድረስ ሰዓቱ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ፤ እሱ አንድ መቶ ሃያ ሲል ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ሃምሳ ሲል እጄ ይቀዘቅዛል። ያለኝን ሁሉ አመንኩት።

ሐሙስ ጠዋት ባምቢስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ነርስ ሲስተር ሰላም ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ሰዓቱንም ወረቀቱንም ሳታይ መጀመሪያ ቀኝ እጄን ያዘችና፣ ጣቶቿን አሳርፋ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረች።

«ሰባ ሁለት» አለችኝ። «እኩል ነው የሚመታው።»

ግራ እጄን አነሣሁላት። ሰዓቱ 121 ይላል።

«ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል» አለች። «የልብ ኢሲጂ እናንሣና እንየው። አልጋው ላይ ይውጡ፤ ሰዓቱን ያውልቁልኝ።»

«ከነሰዓቱ አይሆንም?»

«አይሆንም እትዬ። ሽቦው እጅ አንጓ ላይ ነው የሚያዘው።»

ጨርቁን አወለቅሁ። ሰዓቱን ፈታሁ። እጄን ግን ቶሎ አንሶላው ስር ደበቅሁት። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው እያልኳችሁ። ሲስተር ሰላም እጄን በቀስታ ከአንሶላው ስር አወጣችው፤ ልትቆነጥጥበት የነበረውን መያዣ ይዛ ቆም አለች። አሁን «ይሄ ምንድን ነው?» ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰዓቱን የሚያስሩት ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው?» አለች።

«ሁልጊዜ።»

«ለምን?»

መልሱን ለማንም ብዬው አላውቅም። «እንዳይታይ» አልኳት።

ሽቦዎቹን አያያዘች፣ ወረቀቱ እየተሣለ ወጣ፣ ወስዳ ለሐኪሙ አሳየችው። ሐኪሙ መጥቶ ጠየቀኝ፣ አዳመጠኝ፣ የክሊኒኩን ደረጃ ሦስት ጊዜ አስወጥቶ አስወረደኝና እንደገና አስነሣኝ። ልቤ ደህና እንደሆነ ጽፎ ፈረመልኝ። እሱ ሲወጣ ሲስተር ሰላም ሰዓቱን ገልብጣ ከሆዱ የሚበራውን አረንጓዴ መብራት አሳየችኝ።

«ይሄ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ፣ ደሙ ሲመላለስ አይቶ ነው የሚቆጥረው» አለችኝ። «ከስሩ እንዲህ የጠቆረ ቀለም ካለ ቀለሙ ብርሃኑን ይውጠዋል። ሰዓቱ ደግሞ አላየሁም ማለት አይወድም፤ ያገኘውን ይቆጥራል።»

«ያገኘውን ማለት?»

«የእጅ ውዝዋዜም ሊሆን ይችላል። ይኸው፣ በቀኝ ይሞክሩት።»

በቀኝ እጄ አሰረችልኝ። ትንሽ አሰበና 71 አለ።

ከክሊኒኩ ወጥቼ የባምቢስን ዳገት በእግሬ ስወጣ ደስ ብሎኝ ልበር ደርሼ ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብዬ ሰዓቱን ቀኝ እጄ ላይ አስሬ ብገባስ? ማንም ሳያውቅ፣ ምንም ሳላሳይ? የሐኪም ወረቀት ይዣለሁ፣ ምን ጎደለኝ?

ዓርብ ጠዋት እንደዚያው አደረግሁ። ሰዓቱ በቀኝ፣ የላብ ጨርቁ በግራ፣ ወረቀቱ በእጄ። ሄኖክ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«በእውነት ደስ ብሎኛል» አለ። «ግን ቲቸር፣ ይሄ ደረጃ ወጥተው የታየ ነው። ቀይ የሚሆኑት ሲሮጡ ነው። የሦስት ቀን ዳታ ሲስተሙ ላይ ተቀምጧል። ቦርዱን ምን ብዬ ላስረዳው?»

«ሰዓቱ ተሳስቷል ይበሉ።»

«አሥራ አንድ መምህር ላይ በትክክል የሠራ ሰዓት እርስዎ ላይ ብቻ ለምን ይሳሳታል?»

መልሱ ከጨርቁ ስር ነበር። እኔ ግን ጨርቁን ይበልጥ ወደ ታች ሳብኩት።

ሄኖክ የተሸነፍኩ መሰለው። ደብዳቤውን አውጥቼ ስዘረጋው እስክሪብቶውን አቀበለኝ። «ቤተ መጻሕፍቱ እኮ ጥሩ ነው» አለኝ እያባበለ። «ፀሐይ የለው፣ አቧራ የለው። እኔ ብሆን ደስ ይለኛል።»

እስክሪብቶውን ከፈትኩ። መስመሩን አየሁት። የካዛንቺሱን ቤት ስንለቅ እንዲህ ያለ መስመር ላይ ፈርሜ ነበር፤ ያኔ አማራጭ አልነበረኝም። ዛሬ ግን የሚያስነሣኝ ማንም ሳይሆን እኔው ራሴ ነኝ። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በተናገረችኝ ቃል የተነሣ፣ ጤነኛ ልብ ይዤ፣ ከሜዳዬ ልነሣ ነው። ንዴቱ ከእግር ጥፍሬ ተነሣ። እስክሪብቶውን ዘጋሁና ከደብዳቤው ጋር ኪሴ ከተትኩት።

«ና፣ ሜዳ እንውረድ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት፤ ለራሴም የታወቀኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ግቢው በተማሪ ተሞልቷል። ተረኛዋ የሒሳብ መምህርቷ ሙና ናት፤ አብረን ሃያ ዓመት ሠርተናል።

«ለቱ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ተለዋውጧል» አለችኝ።

«ሰከንድ ያዢልኝ» አልኳት። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከዚያ ጨርቁን አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የሹራቤን እጅጌ እስከ ክርኔ ሰበሰብኩ። እጄን ከፍ አደረግሁት፣ ሄኖክ እንዲያየው፣ ሙናም፣ ግቢው ሁሉ።

ከልጆቹ አንዱ «ቲቸር ታቱ አላት እንዴ?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። የዚያን ክፍል ሳቅ እንደገና ሰማሁት። ያኔ እጄን ደብቄ ነበር፤ አሁን አልደበቅሁም።

«ውቃጦ ይባላል» አልኳቸው። «ታቱ ብትሉትም ግድ የለኝም። በስምንት ዓመቴ ወድጄ ነው የተነቀስኩት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ስደብቀው ኖሬያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልደብቀውም።»

ወደ ሄኖክ ዞርኩ። «አሥራ አንዱ መምህር ይሄ የላቸውም። ለምን እኔ ላይ ብቻ ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበር? አሁን ያንተንም ሰዓት ፍታና ስጠኝ።»

የኔን እንደ ልማዴ በግራ፣ ንቅሳቱ ላይ አሰርኩ። የሄኖክን በቀኝ፣ ባዶው ቆዳ ላይ። ሮጥኩ። በሦስተኛው ዙር ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁልኝ፤ በስድስተኛው ቁጥር እየጠሩ ያጅቡኝ ጀመር። አሥረኛውን ጨርሼ ቆምኩና ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ። ግራው 177፣ ቀኙ 141። ቀኝ እጄን ወዲያው አንሥቼ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሳረፍኩ። ሙና ሰከንዱን ያዘች። ሃያ ሦስት ቆጠርኩ።

«በስድስት ሲባዛ መቶ ሠላሳ ስምንት» አለች ሙና። ከዚያ ወደ ሄኖክ ዞረች። «እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ቆጥሬያለሁ። ስምንተኛው ዙር ላይ እግሯን ሳያት ነበር። በአሥራ አምስት ሰከንድ አርባ አራት እርምጃ። በአራት አባዛው እስቲ።»

ሄኖክ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «መቶ ሰባ ስድስት» አለ። ግራ እጄን እንደገና አየ።

«እንግዲህ ይሄ ሰዓት ወር ሙሉ ሲቆጥር የከረመው ልቧን አይደለም» አለች ሙና፣ «ጫማዋን ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀው ሄኖክ ብቻ ነበር። ንቅሳቴን ትክ ብሎ ያየው ነበር። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ ጠጋ አለኝ።

«እናቴ አንገቷ ላይ አላት» አለኝ። «ሠርጌ ላይ ለፎቶው ብለሽ ስካርፍ አድርጊ ብያት ነበር። አደረገች። ቀኑን ሙሉ አላወለቀችውም።»

«ደውልላት» አልኩት።

ደብዳቤውን ከኪሴ ሳወጣ ሙና ተቀብላ ገለበጠችው። በሄኖክ እስክሪብቶ ጀርባው ላይ አራት ቁጥር ጻፈች፦ ግራ 177፣ ቀኝ 141፣ ጣት 138፣ እግር 176። ለሄኖክ ሰጠችውና «አይተሃል አይደል? ፈርም» አለችው። ፈረመ። ያልቀደድኩት ለዚህ ነው። በዚያ ደብዳቤ ላይ ያለችው ብቸኛ ፊርማ የሱ ናት።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ ሰዓት አትሰሩ ልላችሁ አይደለም። እኔም አስራለሁ፣ በቀኝ እጄ፣ ጠበቅ አድርጌ። ስሮጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያንን ስለማውቅ አንቀያየምም። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ሰዓቱ የቆጠረው ያየውን ነው፤ እንዳያይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ የሸፈንኩት ቦታ ላይ አሰርኩት፣ ከዚያ የነገረኝን ሁሉ ከገዛ አካሌ አስበልጬ አመንኩ። ቁጥር ካስደነገጣችሁ ጣታችሁን አሳርፉ፤ ጣታችሁም ካስደነገጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከሁለቱ በፊት ግን በስልክ ላይ በወጣ ቀለም ከቦታችሁ አትነሡ። የሚያስነሣችሁ ሰው ቢመጣ እንኳ ደብዳቤውን ራሱ ይፈርም፤ እናንተ አትፈርሙለት።

አሁን በእጅጌ ጉርድ ነው የማስተምረው። ሄኖክ እንደነገረኝ የዚያ ወር ዳታ ከሲስተሙ አይጠፋም፤ በሦስቱ ቀናት ላይ ስሜ እስከ ዛሬ ቀይ ነው። ይቅላ። ስለ ልቤ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ቂርቆስ፣ ሜዳዬ ላይ ያገኘኛል፤ ሁለት ጣቱን ይዞ ይምጣ።